እስከ ወገቡ የገባ ሚስማር

በቺሎዌ ደሴት፣
ዝናብ እንደ ጎረቤት
ሳይጠራ በሚገባበት፣
አለቃዬ ኤልዬሰር ጀልባ ይሠራል፤
እኔ ዝፍት አማስላለሁ፣ ሚስማር አቀብላለሁ፣
ስሰደብ እሰማለሁ፣
ስመሰገን ደግሞ... ገና ነው፣ አያለሁ።

አሥራ ሰባት የጎድን አጥንት አቁመን
አሥራ ስምንተኛው ሲታጠፍ ጮኸብን።
በእንፋሎት በስሎ፣ ለስልሶ፣ እሺ ብሎ
መጨረሻው ላይ ቀጭ!
አለቃዬ ስንጥቁን በአውራ ጣቱ ዳበሰ፣
መጋዙን ሰቀለ፣
"ነገ" አለ።

ያ ነገ ሲመነዘር ሦስት ወር ወጣው።

ሥራ ፈታ ብላችሁ እንዳታሙት፤
እንደዚያ ሰሞን ደክሞ አያውቅም በሕይወት፦
መጥረቢያውን ሳለ፣ የሳለውን ደግሞ ሳለ፣
የመላጊያውን ምላስ ጢም እስኪላጭ አሾለ፣
ሚስማሩን ለየ በቁመት፣
ከዚያ በውፍረት፣
ከዚያ ደግሞ በዝገት፣
ወለሉን ጠረገ፣ መጥረጊያውን አጠበ፣
የሚሠራውን ሁሉ በካርቶን ላይ ጻፈ፣
ጽሑፉ አላማረው፣ በሌላ ካርቶን ገለበጠ።
ወደ ጀልባዋ ብቻ ፊቱን አልመለሰም፤
ባለዕዳ በአበዳሪው ደጅ እንደሚያልፍ፣
ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ጥግ ጥጉን ይከንፍ።

እሷም ባዶ አልቀረች፤
የጎረቤት ዶሮ በሆዷ ጎጆ ቀለሰች፣
በሰባተኛውና በስምንተኛው አጥንት መሃል
ዘጠኝ እንቁላል ታቀፈች።
"ቢያንስ እሷ ትሠራለች" አልኩ ለራሴ።
ጮክ ብዬ ኖሯል፤
ያን ቀን ቀጠነ ሾርባዬ።

አንድ ጠዋት ዶሚቲላ መጣች፣
ጀልባዋን ያዘዘች፣ ቀብድ የከፈለች፣
ድንቿን በሰው ጀልባ ስታሻግር ኪራይ ያማረራት።
አለቃዬ ምክንያቱን ደርድሮ ጠበቃት፦
ዝናቡ፣ እንጨቱ፣ ጉልበቱ፣ የጨረቃው ሙላት።
ስለ ጀልባ ግን ቃል አልወጣት።
"የበሬ መቀርቀሪያ ላልቷል" አለች፣
"በጎች ጎመኔን ጨረሱት።
አንዲት ሽብልቅ ብትቀርጽልኝ፣ ይህችን የምታህል"
ትንሿን ጣቷን አሳየችው።

ለዚህ ማን እምቢ ይላል?
ቁራጭ ፈለገ፤
የቅርቡ ቁራጭ ያ የተሰነጠቀው ነበር።
እጁ አየር ላይ ቀረ፣
የተጣሉትን ሰው ሰላም ለማለት እንደሚፈራ እጅ።
ከዚያ ያዘው።
ቢላዋው ገባ፣ ልጣጩ ተጠቀለለ፣
የጽዱ ሽታ ከሦስት ወር እንቅልፉ ባነነ።
ዶሚቲላ ሽብልቋን ኪሷ ከተተች፣
"እግዜር ይስጥልኝ" ብላ በዝናቡ ሄደች፤
ጀልባዋን ዞራም አላየች።

እሱ ግን ቢላዋውን አላስቀመጠም።
ቁራጩን ገለበጠ፣ ስንጥቁን ተከተለ፣
"እዚህ ጋ ዓይን ነበረው፤ እንጨቱ ነግሮኝ ነበር፣
ቸኩዬ አልሰማሁትም" አለ፣
ለእኔ ይሁን ለዶሮዋ እንጃ።

ያን ቀን አጥንት ቆመ እንድላችሁ አትጠብቁ።
እሳት አነደድን፣ ውሃ ጣድን፣
አዲስ እንጨት መረጥን፣
መሸ።
በማግሥቱ ታጠፈ። በሦስተኛው ቀን ሌላ ተሰበረ፤
ሰደበው፣ እናቱን ጭምር፣
መጋዙን ግን አልሰቀለም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አመጣ፦
ማታ ክንዱ ሲዝል
የመጨረሻውን ሚስማር እስከ ወገቡ መትቶ ይተወዋል።
"ጨርሰው እንጂ!" ስለው
"የነገ ነው" ይለኛል፤
"ጠዋት እጄ 'የት ነበርን?' ሲል
መላሽ ይፈልጋል።"

ዶሮዋን? እንቁላሎቿ እስኪፈለፈሉ
ዙሪያዋን እየዞርን ሠራን።
ጀልባዋ በመጋቢት፣ ድንች ሲወጣ፣ ውሃ ነካች፤
ትንሽ ወደ ግራ ታዘነብላለች፤
ድንች ግን ታሻግራለች።
ያ የተሰበረው አጥንትም ሥራ ይዟል፣
በዶሚቲላ በር ላይ፣
በግ ይከለክላል።